ትራክተር የምታልበዋ ልጅ

አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

አንተ ምንውየለት! አዎ፣ አንተን ነው፤ ወዲያ ወዲህ አትይ። ደብዳቤዬን ከፍተህ ሰላምታውን ብቻ አንብበህ የምታስቀምጠው ከሆነ ከአሁኑ ዝጋውና ለሌላ ዘመድ አስተላልፈው። ግን ሌላ ዘመድ የለኝም። የኔ አያትና ያንተ አያት አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ዘር ባሕር የተሻገርከው አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ትሰማኛለህ።

ሰላምታው እንኳ አይቀርም። የአያቶቻችን አምላክ ከብርዱም ከሰዉም ይጠብቅህ። እኔም፣ አሻግሬም፣ ልጆቻችን የዝናሽም ትንሹም አለን። ከወሎ በመኪና ተጭነን እዚህ ቀርቀሃ አገር ከወረድን ወዲህ "አለን" ማለቱን በደንብ ለምደነዋል።

ደግሞ አንድ ነገር። አምና "ደብዳቤውን የጻፈልሽን ሰው አመስግኚልኝ" ብለኸኝ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ! መሠረተ ትምህርት አንድ በጋ ተቀመጥኩ፤ የቀረውን ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ ከግድግዳ መፈክር ላይ እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። ምስጋናውን ለራሴ አድርሼዋለሁ።

ወደ ነገሬ። የዝናሽን ያየሃት ጡት ስትጠባ ነው። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የሠፈራ አምባው ተጠረገ፣ ግንዱ ሁሉ ኖራ ተቀባ። መምህር ዲሳሳ ለእንግዳ የምታነብ ልጅ መረጠ። ማንን መረጠ? የዝናሽን! ድምጿ ነዋ። እዚህ ትምህርት ማለት አብሮ መጮኽ ነው። መምህሩ አንድ መስመር ይላል፣ ዘጠና ልጅ ተቀብሎ ይጮኻል። የኔ ልጅ ደግሞ የሰማችው ነገር አይወድቅባትም፤ የላሟን ገጽ እንደ ዘፈን ታወርደዋለች። እኔም እናቷ ሆኜ "ጎበዝ አንባቢ ወለድኩ" ብዬ ጎረቤት አስቀንቻለሁ።

እንግዳው መጽሐፉን ከእጇ ወሰደና ሌላ ገጽ ገለጠላት። "ይቺን አንብቢልኝ እስቲ የኔ ልጅ" አላት። የዝናሽ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ላማችን ቦራ ናት። እማዬ ጠዋት ጠዋት ታልባታለች። ወተቷ ነጭ ነው" እያለች ወረደችው። ገጹ ላይ የተሳለው ምን ነበር? ትራክተር! ቀይ ትራክተር፣ ሹፌሩ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ!

እንግዳው ሳቀ። "ጓድ መምህር፣ እናንተ አገር ትራክተርም ይታለባል እንዴ?" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበራችን አልሳቀም። መምህር ዲሳሳም አልሳቀም፤ ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "ትራክተር አላቢ" ሆነ። ውኃ ስትቀዳ ልጆቹ "ዛሬ ስንት ሊትር ሰጠች?" ይሏታል። ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ "አጭበርባሪ ልጅ ነው ያሳደግሽው" አለኝ። "እንዲያውም ራብ የበላው ጭንቅላት ነው፤ ከመጠለያ የመጣ ልጅ እንዲህ ነው" አለኝ። "አንተስ ከየት መጣህ? ከአንድ መኪና አይደል የወረድነው?" አልኩት። ፍርዱ ግን ተፈርዷል፤ ትምህርት ሲዘጋ ማንበብ ካልቻለች ከትምህርት ቤት ትሰረዝና ማሳ የሚያርመው አረም ብርጌድ ትገባለች። በስምንት ዓመቷ! አንዴ ከገባች ወዲያ ማን ያወጣታል? እኔ ፊደል ያየሁት ካረጀሁ ነው፤ እሷ ጭራሽ ሳታየው ትቅር?

ዓይኗ ነው ብያለሁ። ፊደሉን እያየች አታየውም። መነጽር ላክልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩህም፣ ኮት አልጠየቅኩህም። መነጽር።

የሺሀረግ


ላይፕዚግ፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ የሺሀረግ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወዳጁ የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ መካከል ሆኜ የጋለ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ትምህርቴንም በሚገባ እየተከታተልሁ ነው። ወንድም አሻግሬንና ልጆቹን ሰላም በይልኝ። በአዲሱ አምባ ሕይወታችሁ እየተሻሻለ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ስለ ጻፍሽው ጉዳይ፦ ዓይን ሳይመረመር መነጽር አይላክም፤ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። መጀመሪያ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ሩቅ ያለ ሰው ማን እንደሆነ ትለያለች? መርፌ ላይ ክር ታስገባለች? ከኋላዋ ሆነሽ በቀስታ ስትጠሪያት ትሰማለች? ልጅ ሳለች አፏን የፈታችው መቼ ነበር? ቃል ታገላብጣለች? እናንተ ቤት ወይም በአሻግሬ በኩል ፊደል እንቢ ያለው ሌላ ሰው አለ? ደግሞም አስተውዪ፤ ፊደሉን ጭራሽ አታውቀውም ወይስ ዛሬ አውቃው ነገ ይጠፋባታል?

ለምን እንደምጠይቅ አሁን አልጽፍም። ለትምህርት ልምምድ ከምሄድበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ያየሁት ነገር አለ፤ ግን ቸኩዬ መናገር አልፈልግም። በተረፈ ስለ ሊቀመንበሩም ሆነ ስለ እንግዶቹ የጻፍሽውን ዓይነት ነገር በደብዳቤ ባትጽፊ መልካም ነው። ይገባሻል ብዬ እገምታለሁ።

አክባሪ ወንድምሽ
ምንውየለት


አሶሳ፣ የካቲት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ምንውየለት፣ የምትረግጠው በረዶ ድንጋይ ይሁንልህ፣ አያንሸራትህ። አብዮታዊ ሰላምታህ ደርሶኛል። የጋለ ነው ብለሃል፤ እዚህ አሶሳ የካቲትን ታውቀዋለህ? ሙቀት አላጣንም። በሚቀጥለው ቀዝቀዝ ያለውን ላክልኝ።

ምን ጻፊ ምን አትጻፊ የምትለኝ ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን እሺ ማለት አይደለም።

ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ። ዓይኗ? አፈርኩ። ከማሳው ማዶ የሚመጣውን ሰው ከአረማመዱ ትለየዋለች። የኔ መርፌ ላይ ክር የምታስገባው እሷ ናት። ጎረቤታችን ባቢከር፣ የዚህ አገር ሰው፣ ከበርታ ብሔረሰብ ነው፣ ከቀርቀሃ ሰሌን ይሠራል። አንድ ቀን ከጎኑ ቁጭ ብላ አየችው፤ በማግሥቱ ያንኑ ጥለት ራሷ ጀመረችው። ባቢከር፣ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፣ "ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ጣት አለው" አለኝ። ራብ የበላው ጭንቅላት ጥለት ይይዛል?

ጆሮዋም ደኅና ነው። ገና በሹክሹክታ "ስኳር" ስል ከማጀት ትመጣለች።

አፏን የፈታችው ግን ዘግይታ ነው። ሦስት ዓመት እስኪሞላት "ዲዳ ወለድሽ" ሲሉኝ ነበር። ከፈታችም በኋላ ቃል ታዛውራለች። ማንኪያን "ማኪንያ"፣ ወንበርን "ወብነር" ትላለች። እኛ እየሳቅን "ድገሚው" እያልን እናስደግማት ነበር። አሁንም ዕቃ ስም ይጠፋታል፤ "ያንን... ያንን ውኃ የሚጠልቁበትን" ትለኛለች ጣሳውን ፊቷ አስቀምጣ። ሰኞ ማክሰኞን በቅደም ተከተል እስካሁን አታውቅም። እንደ ዘፈን ካስጀመርኳት ትወርደዋለች፤ መሃል ላይ አቁሜ "ከሐሙስ ቀጥሎስ?" ካልኳት ጠፋች።

አንተ ካልጠየቅከኝ የማላስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ልጆቹ እንካ ሰላንቲያ ሲጫወቱ ቁጭ ብዬ አየሁ። ትንሹ ወንድሟ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ "እንካ ሰላንቲያ!" "በምንቲያ?" "በማሽላ!" "ምን አለህ በማሽላ?" ሲሉት "እራትህን ጅብ ይብላ!" ብሎ ይመታቸዋል። የዝናሽ ተራዋ ሲደርስ "በማሽላ" ብላ አሰበች፣ አሰበች፣ "እናትሽ ገበያ ሄደች" አለች። ልጆቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምኑ እንዳሳቃቸው ግን አልገባትም። ነገሩ ቤት አልመታም፤ እሷ ግን የሚመታና የማይመታ እንዳለ አይሰማትም!

ፊደሉንም አየሁ። ማታ "ለ" ናት ብላ ታውቃታለች፣ ጠዋት ያችኑ "በ" ትላታለች፣ ቀን "ሰ" ትላታለች። መሬት ላይ ስትጽፍ "ደ" ፊቷን አዙራ ትቆማለች።

አንተ ሰው፣ እዚህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። የባቢከር ልጅ ኡምኩልሱም ከየዝናሽ ጎን ነው የምትቀመጠው። አማርኛ ቤቷ አይነገርም። መጀመሪያ ስትገባ ከየዝናሽ የባሰች ነበረች፤ መምህሩ "ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ደንቆሮዎች" ብሎ ከኋላ አስቀመጣቸው። አንድ አይደሉም! ኡምኩልሱም ያጣችው ቋንቋውን ነው። ቃሉን ባወቀች ቁጥር ፊደሉ አብሮ ይገባላታል፤ ከወር ወር ታድጋለች። የኔዋ ቋንቋው ከአፏ እንደ ጅረት ይፈስሳል፤ ተረት ስትነግርህ ትልቅ ሰው ነው የሚቀመጥላት። ፊደሉ ግን እጇ ላይ እንደ ውኃ ነው። ይሄን እኔ ጆንያ ያስተማረኝ ሴት ካየሁት ዘጠና ልጅ የሚጠብቅ መምህር እንዴት አያየው? አልፈርድበትም እላለሁ፤ ደግሞ እፈርድበታለሁ።

በዘር ያልከኝን አሻግሬን ጠየቅኩት። "ተየኔታ ዘንድ አራት ክረምት ከርሜያለሁ" አለኝ። "ታዲያ?" አልኩት። "ታዲያማ ጀርባዬን እያየሽ" አለና ወጣ። ጠባሳውን የበሬ ርግጫ ነው ብሎኝ ነበር። ባሌ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ ሲያነብ ግን አይቼው አላውቅም። ይሄን ለማንም አላልኩም።

አሁን ነገሩን የነገርከኝ ያህል ነው፤ በሽታ ነው አይደል? መነጽሩ ይቅር። መድኃኒቱን ላክልኝ። ክኒን ከሆነ ክኒን፣ መርፌ ከሆነ መርፌ፤ የጤና ረዳቱን ለምኜ አስወጋታለሁ። ክረምት ሳይገባ። ትምህርት ሲዘጋ ስብሰባ አለ፤ ስሟ ይነሳል።

የሺሀረግ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ምንውየለት፣

እግዜር ዕድሜ ይስጥህ፤ ለምትመልስበት የሚበቃ።

ፋሲካ አለፈ፣ ደብዳቤ የለም። ከአሶሳ ከተማ የሚመጣውን መኪና ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሹፌሩ ገና ሳያቆም በመስኮት እጁን ያወዛውዝልኛል፣ የለም ለማለት። ታመሃል? ወይስ ሠግተሃል?

የዝናሽ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። እሑድ አያማትም። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ደብተሯን ይዛ ወጣች፣ ክፍል አልገባችም። ጫካውን ሁሉ በእልልታ ሳይሆን በዋይታ ዞርኩት። ምን ያልፈጠርኩት ነገር አለ፤ ጅብ አልኩ፣ ወንዝ አልኩ። ባቢከር መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

"የኔ ቤት ነው ያለው" አለኝ። "አትፈራ። ገንፎ በላ፣ ቀርቀሃ ሠራ። ትምህርት ቤት ሂድ ስንለው አለቀሰ። ኡምኩልሱም አብሮ አለቀሰ።"

ስገባ የዝናሽ ቀርቀሃ እየሰነጠቀች ነው። ቀና ብላ "እማዬ፣ አረም ብርጌድ ውስጥ ማንበብ አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። "እንግዲያው እዚያ ልሂድ" አለችኝ።

ያንን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ምግብ አልወረደልኝም። እኔ ሰው እንዳያባርራት ስዋጋ እሷ ራሷን አባራለች! መልስ ስጠኝ። መጥፎም ቢሆን።

የሺሀረግ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ የሺሀረግ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ልጆቹን ይጠብቅልሽ።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ከረምሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የተማሪዎች ማኅበራችን በየሳምንቱ ይሰበሰባል፤ ዘንድሮ የሚመለስና የሚቆይ ተማሪ ይለያል።

የጻፍሽውን ሁሉ ልምምድ በማደርግበት ትምህርት ቤት ላለች አንዲት መምህርት ተረጎምሁላት። በእድሜ የገፋች ሴት ናት፤ ጥቂት ልጆች ለብቻ ይዛ ታስተምራለች። ልጆቹ ሞኞች አይደሉም። አንዱ ሰዓት ፈትቶ ይገጥማል፤ የራሱን ስም ግን አሳስቶ ይጽፋል። እሷ ያለችኝ ይህን ነው፦ የልጁ ዓይን ጤና ነው፣ ጆሮው ጤና ነው፣ አእምሮው ሙሉ ነው፤ ድምፁን ከፊደሉ ጋር የሚያስረው ገመድ ነው የላላው። እዚህ የንባብ ድክመት ይሉታል። ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል። ራብ ያመጣው አይደለም፤ ጠግበው ባደጉ ልጆችም አለ።

ገና ፊደል ሳይጀምሩ ምልክቱ ብቅ ይላል አለችኝ። አፍ መፍታት ይዘገያል፣ ቃል ይገለባበጣል፣ የዕቃ ስም ይጠፋል፣ የቀኖች ተራ አይያዝም፣ ቤት የሚመታ ጨዋታ አይገባም። አንቺ ሳታውቂው ሁሉንም ጽፈሽልኛል። ነገር ግን ልብ በዪ፤ ከነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ስንት ልጅ ዘግይቶ ይናገራል፣ ስንት ልጅ ፊደል ያዞራል፤ ያልፋል። ብዙዎቹ አብረው ሲገኙ፣ ሳይለቁም ሲቆዩ ነው መጠርጠር። ጆሮው የማይሰማ ልጅም፣ ቋንቋው ያልገባው ልጅም ሊመሳሰልብሽ ይችላል፤ የኡምኩልሱምን ነገር መለየትሽ ልክ ነው። የዝናሽን በተመለከተ እኔ ነው ብዬ መማል አልችልም። ይመስላል እላለሁ። አብሯት ተቀምጦ የሚመረምራት ሰው ያስፈልጋል፤ ከሩቅ ሆኖ ለሰው ልጅ የሕመም ስም ማውጣት የጠንቋይ ሥራ ነው።

ክኒን የለውም። መርፌም የለውም፤ ማንም ልውጋልሽ ቢልሽ እንዳትሰሚው። መድኃኒቱ ትምህርቱ ነው፤ ሌላ ዓይነት ትምህርት። የሚመሳሰሉ ፊደሎችን ባንድ ቀን አታሳዪያት። አንዷን ብቻ፣ በእጇ እንድትሠራት፣ በጣቷ እንድትሄድባት፣ ድምጿን ጮኽ ብላ እያለች። ቃሉን በጭብጨባ ከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጭብጨባ። ጥቂት ጥቂት፣ በየቀኑ። ዱላ የለም። በሰው ፊት ማንበብ የለም።

ደብዳቤዬን ለራስሽ አንብቢው። ስሜን ግን በስብሰባ ላይ አታንሺ። እለምንሻለሁ።

ምንውየለት


አሶሳ፣ ሰኔ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ምንውየለት ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ከሆነ ምላስህ ይባረክ፤ እውነት ከሆነም ደግሞ ምላስህን አታሳጥረው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ግንቦት ሲጋመስ ነው። "ይመስላል" የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት! ያን ቀን የዝናሽን አቅፌ "ሰነፍ አይደለሽም" አልኳት። "ማን አለ?" አለችኝ። "የተማረ ሰው" አልኳት። "ስሙ ማነው?" አለችኝ። እንግዲህ ልጂቱም ስምህን ነው የጠየቀችኝ።

ያልከኝን አደረግኩ። ባቢከር ቀርቀሃ ስሱ አድርጎ ሰነጠቀልኝ፤ የዝናሽ አጉብጣ ፊደል ትሠራበታለች። "ለ"ን ብቻ ሰነበትንባት። ኡምኩልሱም ታጨበጭባለች፣ የዝናሽ ቃሉን ትቆርሳለች። አሻግሬ በር ላይ ቁጭ ብሎ መጥረቢያ የሚስል መስሎ ያየናል። አንድ ቀን ዞር ስል እሱም በጣቱ አፈሩ ላይ "ለ" ጽፎ እየሄደባት ነው። አላየሁም አልኩ። ትንሽ ትንሽ እየያዘች ነው፤ አንዳንድ ቀን ይጠፋባታል፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና እንጀምራለን። ሆድ ቁርጠቱ ግን ቀነሰ።

ቅዳሜ ስብሰባው ሆነ፤ ከማንጎው ሥር፣ አምባው በሙሉ። መጀመሪያ ስለ ትራክተር ናፍጣ ተወራ፣ ከዚያ ስለ ዘር፣ ከዚያ "ከትምህርት የሚሰናበቱ" ተባለና የልጄ ስም ተጠራ። እጄን አወጣሁ።

"ጓዲት የሺሀረግ፣ አጭር ይሁን" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አጭርማ የናንተ ፍርድ ነው" አልኩት።

መምህር ዲሳሳ ተነስቶ "ዓመቱን ሙሉ አስተማርኳት፤ አንድ ፊደል አልያዘችም። በቃሏ እያነበነበች አታለለችኝ" አለ።

"ዘጠና ልጅ አብሮ ሲጮኽ የቷን ልጅ ለይተው ሰሙ መምህር?" አልኩት። "አታለለችኝ ይላሉ፤ ያስተማሯትን ነው መልሳ የነገረችዎ!"

ከኋላ ሴቶቹ "እውነት ነው!" አሉ። ከዚያ ያስተማርከኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። አፍ መፍታቱን፣ ቃሉን፣ ቀኖቹን፣ እንካ ሰላንቲያውን፤ ራብ አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ማስተማር ነው የሚፈልገው አልኩ። ሰዉ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ "ትራክተሯንስ?" ሲል ባቢከር ዞር ብሎ ዓይኑን ተከለበት።

ሊቀመንበሩ "ብዙ አወቅሽ" አለኝ። "እንግዲያው ልጂቱ ትምጣና እዚሁ ታንብብ። ሕዝብ ይፍረድ።"

"አታነብም" አልኩ።

"አትችልማ!" አለ ሰዉ።

"ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ለሳቅ አላቀርብላችሁም! አንዴ አቅርባችኋት ስም አውጥታችሁላታል!"

ይሄኔ ነገሩ ተበላሸ። እንቢ ማለቴን እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። ሊቀመንበሩ ወገቡን ይዞ "ይሄን ሁሉ ማን ነው ያስተማረሽ?" አለኝ።

"የተማረ ሰው ነው።"

"የት ያለ?"

"ሩቅ ያለ።"

"ስሙ?"

ምንውየለት፣ ስምህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንደ ትኩስ ገንፎ ዋጥኩት። ውስጤን እያቃጠለ ወረደ። ስለለመንከኝ ነው።

"ስም የሌለው ምሁር!" አለ ሊቀመንበሩ፤ እጁን ዘርግቶ ለሕዝቡ አሳየ፣ ባዶ እጁን። "ይሄ የአሉባልታ ወሬ ነው። ማነው የሚነዛው የሚለውንም ወደፊት እናጣራለን።" ሰዉ አንገቱን ደፋ። ቅድም "እውነት ነው" ያሉት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

አሻግሬን ታውቀዋለህ፤ በስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ከመሃል ተነስቶ ቆመ። ቆቡን አወለቀ።

"እኔም አላነብ" አለ።

"አንተ? ሰርተፊኬት ያለህ ሰውዬ?"

"አጨበጨባችሁ፣ ሰጣችሁኝ፣ ተቀበልሁ። ተየኔታ ዘንድ አራት ክረምት ተገረፍሁ፤ ፊደሉ እንቢ አለኝ። ልጄ ሰነፍ ከሆነች የወጣችው ተእኔ ነው። መጀመሪያ እኔን ተአረም ብርጌድ አስገቡኝ።"

"አንተማ ድሮም እዚያው ነህ!" አለ አንዱ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አሻግሬ ራሱ ሳቀ። እኔ ግን ከሊቀመንበሩ ፊት ዓይኔን አልነቀልኩም፤ አመድ መሰለ። መሃይምነት ጠፋ ብሎ ሪፖርት የላከ ሰው ነዋ።

ውሳኔው ይሄ ነው። የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ጳጉሜን ላይ ሌላ ስብሰባ ይደረጋል። እስከዚያ ድረስ አንድ የተማረ ሰው በስሙና በፊርማው ይሄ ነገር በዓለም ላይ አለ ብሎ ካረጋገጠ መምህሩ ልጂቱን እንደገና ይይዛታል። ካልሆነ ትሰረዛለች። ለጊዜው ግን ከሰኞ ጀምሮ አረም ላይ ናት። ስጽፍልህ ዝናብ ይጥላል፤ እሷ ማሳ ውስጥ ናት። አሻግሬን በማግሥቱ ቢሮ ጠርተው ሰርተፊኬቱን ተቀብለውታል። ሌላ ያሉትን አልነገረኝም።

መምህር ዲሳሳ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። "እትዬ፣ እኔ ለመምህርነት የተማርኩት ጥቂት ወር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም" አለኝ። ተናድጄበት ነበር፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ ኮቱ ነትቦ ሳየው ተውኩት። "ክፍሌ ውስጥ ሌሎችም አሉ መሰለኝ" አለ። "ስም ያለው ወረቀት ከመጣ ለሕዝቡ የማነበው እኔ ራሴ ነኝ።"

ሰዎችም ይመጡብኛል፤ በጓዳ በር፣ እንዳይታዩ። የወርቅውሃ የምትባል ሴት ልጇን ይዛ መጥታ "ይኸም እንደ የዝናሽ ነው" አለችኝ። እንዳልከኝ ከኋላው ሆኜ በቀስታ ጠራሁት፤ አልዞረም። ጆሮው መግል ይዟል! ወደ ጤና ረዳቱ ሰደድኳት። የሱ ሌላ ነው። አየህ፣ ያልከኝን ሁሉ ጠብቄያለሁ፤ ያልገባኝን አልፈርድም፣ "ይመስላል" እላለሁ።

አንተስ? ፈርተሃል፤ አውቃለሁ። አልሰድብህም። እዚህስ የማይፈራ ማን አለ? አሻግሬ ሲቆም ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። የቆመው ግን በዚያው ጉልበት ነው። አንተ የምትፈራው ከዚያ እንዳይመልሱህ ነው። እኔ የምፈራው ልጄ ሕይወቷን ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብላ አምና እንዳትኖር ነው። ሁለቱን ፍርሃት በሚዛን ላይ አስቀምጠው፤ አንተው ሚዛኑን ያዝ፣ እኔ አልነካውም።

መድኃኒት አልልህም፣ መነጽር አልልህም። አሁን የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ለእኔ እንዳትጽፍ! "ለአምባው ሕዝብ" ብለህ ጀምር። ከየት እንደምትጽፍ፣ ምን እንደምትማር፣ በዓይንህ ምን እንዳየህ፣ የማን ልጅ የማንስ የልጅ ልጅ እንደሆንክ ጻፍ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን እርግጠኛ አይደለሁም በል፤ ውሸት አልለምንህም። ሰላምታህን ብታግለውም ግድ የለኝም። ከታች ሙሉ ስምህ ይኑር።

ጳጉሜን ሦስት፣ ማንጎው ሥር፣ ሕዝቡ ተቀምጦ፣ ሊቀመንበሩ ባለበት፣ መምህር ዲሳሳ ፖስታውን ቀዶ ጮኽ ብሎ ያነባል። ባዶም ከሆነ ባዶነቱን ያነባል። አንተ ምንውየለት፣ እንግዲህ ንገረን፦ ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት ወይስ እኛ ማስተማር አቃተን? ለእኔ በጆሮዬ አትንገረኝ። በስምህ፣ በሕዝብ ፊት መልስ!

የሺሀረግ